ለአንድ የብሎግ ጽሑፍ እንጦጦ የወጣሁበት ሳምንት

«ርዕስ ሳትይዝ ተራራ አትወጣም አልኩህ።»

«ያላየሁትን ነገር ምን ብዬ ነው ርዕስ የምሰጠው?»

«ስም አውጣለት አላልኩም። ጥያቄ ይዘህ ውጣ ነው ያልኩህ። ያለ ጥያቄ ከሄድክ ስለ ባሕር ዛፍ ግጥም ጽፈህ ነው የምትመለሰው።»

«የባሕር ዛፍ ግጥም ምን አደረገህ?»

«እኔን ምንም። አንባቢ ነው ያጣው» አለ በረከት፤ ለደንበኛ ኮምፒውተር ሊከፍትም ተነሣ።

የምንጨቃጨቀው መገናኛ፣ በረከት ተቀጥሮ በሚሠራበት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነበር። እሱና እኔ አንድ ብሎግ ነበረን። እኔ ግጥም አቀርባለሁ፤ እሱ ጽሑፍ እንዴት እንደሚጻፍ ከየድረ ገጹ እያነበበ እኔን ያርማል። ያን ሰሞን አንዳንድ ብሎጎች አገር ውስጥ አይከፈቱም ነበር። የእኛ ግን ሁልጊዜ ይከፈታል፤ ግጥም ስለሆነ ይሁን ማንም ስለማያነበው አላውቅም። በረከት የሆሳዕና ልጅ ነው። በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ይዘምራል፤ ብሎጉንም እንደ መዝሙር ልምምድ ነው የሚይዘው፤ ማርፈድ የለም፣ ማጓተት የለም። ያን ቀን ቁርጡን ነገረኝ። ሰው የሚያነበው አንድ ጽሑፍ ካላወጣን ብሎጉን ይዘጋዋል።

እኔ ያቀረብኩለት ሐሳብ ይህ ነበር። ኮተቤ፣ ከቤታችን በር ላይ ሆኜ በየቀኑ እንጦጦን አያለሁ። እዚያ ላይ ጸበል ብለው የወጡ ሰዎች ክፍል ተከራይተው ወራት ይቀመጣሉ። ከተማው እንዳሉ ያውቃል፤ እንዴት እንደሚኖሩ ግን አይጠይቅም።

«ጥያቄህ ተገኘ» አለ በረከት ተመልሶ ሲቀመጥ። «እንዴት ነው የሚኖሩት? በቃ። አሁን፣ ለማን ነው የምትጽፈው?»

«ለከተማው ሰው።»

«ከተማ አያነብም። አንድ ሰው ምረጥ። ስትጽፍ ፊት ለፊትህ ይቀመጥ። የማይገባውን ቃል አትጨምር፤ የሚያውቀውንም አትንገረው።»

እኅቴን መረጥኩ። ባንክ ነው የምትሠራው። ከልጅነቷ ጀምሮ ተራራውን እያየች አድጋ አንድ ቀን እንኳ ወጥታበት አታውቅም። በረከት በምርጫዬ ደስ አለው። ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝና «የመጀመሪያው አንቀጽ ሁልጊዜ የጸሐፊው ነው፤ ለአንባቢ የሚጻፈው ከሁለተኛው ይጀምራል። እና የመጀመሪያውን እዚያው ጽፈህ እዚያው ጥለኸው ና» ብሎ ሸኘኝ።

ሰኞ

እናቴ ስንቅ እየቋጠረችልኝ በራሷ ሳቀች። «ከበር ላይ ለሚታይ አገር ስንቅ» አለች። ዳቦና ሹራብ ይዤ ወጣሁ። ጥቅምት እያለቀ ነበር።

ከኮተቤ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ፈረንሳይ ለጋሲዮን። የኮተቤ ታክሲ ውስጥ ሰው በሙዚቃው ይጣላል፣ በመስኮቱ ይጣላል፣ ከወያላው ጋር ይጣላል። የፈረንሳዩ ታክሲ ውስጥ ግን ግማሹ ሰው ባዶ ቢጫ ጀሪካን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ ነበር የተቀመጠው። ወያላው እንኳ «መጨረሻ» ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

አስፋልቱ ሲያልቅ ኮረኮንች፣ ኮረኮንቹ ሲያልቅ የእግር መንገድ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ስገባ ሽቅብ እየሮጥኩ ነበር ማለት ይቻላል፤ የምሄድበት ሲቃረብ መታገሥ አልችልም። በባሕር ዛፉ ውስጥ ባለው መንገድ ላይ ግን ደረቅ ቅጠል ነው ያለው፤ ከቅጠሉ ሥር የዛፉ ፍሬ እንደ ዶቃ ይንከባለላል። ተንሸራትቼ በጎኔ ወደቅሁ። ስነሣ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገንጥሎ እንደ ምላስ ተንጠለጠለ።

«ወደ ጸበል የሚወጣ ሰው አይቸኩልም፤ የሚቸኩለው የሚወርደው ነው» አለኝ ከኋላዬ አንድ ድምፅ። ኮትና ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጀሪካን ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ናቸው። ኩላሊታቸውን ያማቸዋል፤ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ እዚህ ተራራ ላይ ናቸው። ሰው ሁሉ አባባ ኃይለ ሚካኤል ይላቸዋል። የት እንደማድር ሲጠይቁኝ «አላውቅም» አልኩ። ጫማዬን አዩና «አንተን እትዬ ዘነበች ጋ ነው መውሰድ» አሉ።

የእትዬ ዘነበች ግቢ ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነው። ቆርቆሮ አጥር፣ በመሐል ትልቁ ቤት፣ ዙሪያውን የጭቃ ክፍሎች። እሳቸው ጓሮ ድንች እየለቀሙ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና «የክርስትና ስምህ ማን ነው?» አሉኝ።

እኛ ሰፈር ሰው ሲተዋወቅ «የማን ልጅ ነህ?» ነው የሚለው። እዚህ ግን የአባትን ስም የሚጠይቅ የለም። ጸበልተኛ ሁሉ የሚጠራው በጥምቀት ስሙ ነው፤ ለሚጸልይለትም ለሚያበድረውም የሚሰጠው ያንኑ ስም ነው። ብዙዎቹ ጎን ለጎን ዓመት ኖረው የዓለም ስማቸውን አይተዋወቁም። እኔ ደግሞ የራሴን አላውቀውም ነበር።

«እናት አለችህ?» አሉ እትዬ ዘነበች፤ አልተቆጡም። «ደውልላት እንግዲህ።»

ደወልኩ።

«እማዬ፣ የክርስትና ስሜ ማን ነው?»

«ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ታዲያ ስም ምን ያደርግልሃል?»

«እዚህ ጠይቀውኝ ነው።»

«ገብረ ኪዳን ነው» አለች። «ቶሎ ና።»

ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ በዚያ ግቢ ሌላ ስም አልነበረኝም።

ልጽፍ እንደመጣሁ እትዬ ዘነበችን አልደበቅኋቸውም። «ጋዜጣ ላይ ነው?» አሉ። «አይ፣ ኢንተርኔት ላይ ነው» አልኩ። «እሱ ደግሞ የት ነው የሚሸጠው?» ሲሉ አባባ ኃይለ ሚካኤል «አይሸጥም፣ አየር ላይ ነው ያለው» ብለው አስረዷቸው። እትዬ ወደ ሰማይ አንጋጠው «እንግዲያ በደንብ ጻፍልን፤ እዚያ የሚያነበው ሌላ ነው» አሉ። የብሎጉን ስም ደግመው ደጋግመው አስነገሩኝና ያዙት።

ኮተቤ እንግዳ ሲመጣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል። እዚህ ቢላዋ ተሰጥቶኝ ድንች ላጥኩ። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ በላን። እየበላን እትዬ ጫማዬን ከእግሬ አስወልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና በወስፌና በማዳበሪያ ክር ሶሉን ሰፉት። ያን ጫማ አሁንም አደርገዋለሁ፤ ሌላው ቢያልቅ ስፌቱ አልለቀቀም።

ክፍል ሲያሳዩኝ ነው ስለ ስለታቸው የነገሩኝ። «አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለኝ። በዚህ ግቢ መድኃኒት አይዋጥም።» እኅት ነበረቻቸው። ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ተንከራትታ፣ ኪኒኑ በፌስታል ሞልቶ፣ መጨረሻ ላይ እህል እንኳ አልወርድ ብሏት ሞተች። ወደ ጸበሉ ለማምጣት ሲዘጋጁ ነበር የሞተችው። «የዘገየሁት እኔ ነኝ። ግቢዬን ለጸበል ብቻ ብዬ ተሳልኩ» አሉ። ጋቢ ደረቡልኝና በሩን ገፍተው ሄዱ።

ማክሰኞ

ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚወጣው። ኮተቤ በዚያ ሰዓት የጭነት መኪና ነው የሚቀሰቅሰኝ፤ እዚህ የሳል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ከየግቢው ሰው እየወጣ አንድ ሰልፍ ይሆናል። ነጠላ ለብሶ የቆመው ሰው ሁሉ በጨለማው ውስጥ እኩል ነው፤ የባለሥልጣን ሚስትም ጥበቃም አይለይም። ጸበሉ ሲነካኝ ጩኸቴን የዋጥኩት ፊት ለፊቴ አንዲት አሮጊት ዝም ብለው ስለቆሙ ብቻ ነው።

ካህኑ ካጠመቁ በኋላ ጥቂት ተናገሩ። «መድኃኒት የጀመረ አያቋርጥ። ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው» አሉ። ወደ ግቢ ስንመለስ ይህን ለእትዬ ዘነበች አነሣሁባቸው።

«አባ ልክ ናቸው» አሉ። «ስለቱ ግን የእኔ ነው።»

ፀሐይ ስትወጣ ካሜራውን አወጣሁ። ሰው ሁሉ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ። አንድ ሰው መጥቶ በትሕትና «ወንድሜ፣ እኛ እዚህ የለንም» አለኝ። ገባኝ። ፊቴን አዙሬ በሰልፍ የቆሙትን ጀሪካኖች አነሣሁ፤ ትንሽ እንደቆየሁ ብርዱ ባትሪውን ጨረሰብኝ።

«ጀሪካኖቹን ፈገግ በሉ አልካቸው?»

ዞር ስል ከእኔ አጠገብ ያለውን ክፍል የተከራየችው ሴት ናት። እዚህ ወለተ ሥላሴ እላታለሁ። ያ ስም የእሷ አይደለም፤ ብሎጉ ላይ በወጣው ጽሑፍ የነበረውም አይደለም። ሠላሳዎቹ ውስጥ ናት፤ ቀጭን፣ ንግግሯ ፈጣን፣ ጥፍሯን በንጽሕና የምትይዝ። ከመታመሟ በፊት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ድንች ስንልጥ ወደ ታች ከተማውን እያሳየች ታጫውተኝ ጀመር። ከዚህ ሲታይ አዲስ አበባ ጭስና ቆርቆሮ ነው። እኔ ኮተቤን ፈልጌ አጣሁት፤ ከቤቴ ተራራውን ሳይ ተራራው እኔን የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

«ያ ሰማያዊ ጣሪያ ይታይሃል? ከእሱ ጀርባ ነው ቢሮዬ። አለቃዬ ደብዳቤ ሲያስጽፈኝ 'ከታላቅ አክብሮት ጋር' ማለት ይወዳል። ለሚያባርረውም ሰው 'ከታላቅ አክብሮት ጋር' ነው።»

«አንቺንም?»

«እኔ ሳይቀድመኝ ለቀቅሁ። ለእናቴና ለወንድሜ አዋሳ ተዛወርኩ ብያቸዋለሁ።» ልጣጩን ወረወረች። «የምደውለው ከሰዓት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል በሌለበት ሰዓት። እናቴ ሐይቁ እንዴት ነው ትለኛለች። ደህና ነው እላታለሁ።»

ልትስቅ ነበር፤ ሳሉ አስቆማት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ለእግር ጉዞ ወጣሁ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ከአጥሩ ውጪ፣ ቁልቁል ባሕር ዛፉ ውስጥ አየኋት። ከአንድ ዛፍ ሥር ጎንበስ ብላ ከድንጋይ ሥር የሽንኩርት ፌስታል አወጣች፤ ከውስጡ ብልቃጥ፣ ከብልቃጡ ኪኒን። ያለ ውኃ ዋጠች። ስትዞር አየችኝ።

ለመሸሽ አልሞከረችም። «መቼም አይተሃል» አለች። «ጠዋትና ማታ ነው። ካቋረጥኩ አበቃ ብለውኛል ሐኪሞቹ፤ ጸበሉን ካቋረጥኩ ደግሞ የማቋርጠው ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። ሌላ ቦታ ክፍል አይቻለሁ። እትዬ ጋ ያለውን ግን የትም አላገኝም። ስወድቅ የሚያነሡኝ እሳቸው ናቸው፤ ሌሊት ትኩሳት ሲይዘኝ እግሬ ሥር ነው የሚያድሩት። እንዳትነግራቸው።»

«አልነግራቸውም» አልኩ።

ጥቂት እንደተራመድን «መጻፉን ጻፈው» አለች። «እኔ ብቻ አይደለሁም እንዲህ የምኖረው። ወንድሜ ግን እንዳያውቀኝ አድርገህ ጻፍ። እሱ ኢንተርኔት ላይ ነው የሚውለው።»

ቃል ገባሁላት።

ረቡዕ

ስወርድ እትዬ ዘነበች ለእናቴ ጸበል በሃይላንድ፣ ለእኔ ድንች በፌስታል ሰጡኝ። አባባ ኃይለ ሚካኤል እስከ ኮረኮንቹ ድረስ ሸኙኝ። «ጽሑፍህ ውስጥ ባርኔጣዬን እንዳትረሳ» አሉ። ቁልቁለቱን ቀስ ብዬ ነው የወረድኩት። ፈረንሳይ ስደርስ የታክሲው ጩኸት ጆሮዬን ወጋው፤ ከከተማ ውጪ የዋልኩ ሳይሆን ከሌላ ዓመት የመጣሁ መሰለኝ።

በቀጥታ በረከት ጋ ሄድኩ። ጥግ ያለውን ኮምፒውተር ለቀቀልኝ። እየጻፍኩ መብራት ጠፋ፤ የጻፍኩት ግማሹ አብሮ ጠፋ። መብራት እስኪመጣ ደረጃው ላይ ተቀምጠን እናቴ የቋጠረችውን ዳቦ በላን። በረከት «ጥሩ ሆነ፤ የጠፋው የመጀመሪያው አንቀጽ ነው» አለ። እውነቱን ነበር። ስለ ባሕር ዛፍ ነበር።

እንደገና ጽፌ ስጨርስ ከጎኔ ተቀመጠ። በዚህ ሥራ ከበረከት የተሻለ አስተማሪ አላጋጠመኝም፤ ዛሬም እንደዚያው አምናለሁ። ረጅም አንቀጽ ስክሪን ላይ ዓይን ያደክማል ብሎ ሰበረው። ለየክፍሉ ንዑስ ርዕስ አደረገለት። «ቅጽሉን አውጣ፣ ድንቹን አስቀር» አለኝ። «'መራራ ሕይወት' ማለት ምንም አይደለም፤ 'ድንች ያለ ጨው' ካልክ ግን እኅትህ ታየዋለች።» ጀሪካኖቹን ከላይ አደረጋቸው። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበው፤ ምላሱ የተሰናከለበትን ቦታ ሁሉ አስተካከልን።

«ጥሩ ነው» አለ። «ልብ ግን የለውም። አንድ ሰው የለም ውስጡ። ያልጻፍከው ምንድን ነው?»

የኪቦርዱን አቧራ በጣቴ ጠረግኩ።

«አለ አንድ ነገር። ፊትህ ላይ ነው ያለው።»

ነገርኩት። የዛፉን ሥር፣ የሽንኩርቱን ፌስታል፣ የወንድሟን ነገር። በረከት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ይህን ያላነበበ ሰው ምንም አላነበበም» አለ። «ግን ልጅቷን መደበቅ አለብን። መልኳ አይነገር፣ መሥሪያ ቤቷ አይጠቀስ፣ አዋሳም አይባል።»

«ስሟስ?»

«አንተ ንገረኝ።»

«የክርስትና ስሟን እናድርግ። ወንድሟ እንዲህ ያለ ስም እንዳላት እንኳ የሚያስታውስ አይመስለኝም።»

«እሱ ምንድን ነው? እኛ ጋ የለም።»

«ስትጠመቅ የምታገኘው ስም ነው። ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ማንም በእሱ አይጠራህም። እኔ የራሴን ከእናቴ ነው የሰማሁት።»

«እንግዲያ ከዚህ የተሻለ መሸሸጊያ የለም» አለ በረከት።

አንድ ቀን እንዲያድር አደረግን፤ ይህም ከሕጎቹ አንዱ ነው። ሐሙስ ጠዋት እንደገና አንብበን አወጣነው።

ቅዳሜ

እስከ ቅዳሜ በብሎጋችን ታይቶ የማይታወቅ ብዙ ሰው አነበበው። ከጽሑፉ ሥር አስተያየት ተደረደረ፤ ከውጭ አገር የጻፉ ነበሩ፣ ሐኪሞች ነበሩ። እኅቴ ከባንክ ደወለችልኝ፤ እያለቀሰች ነበር። «ማን ናት? ምን ላድርግላት?» አለችኝ። «መናገር አልችልም» ስላት ኩራት ተሰማኝ። በረከት ብሎጉን መዝጋት የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሣም። «አየህ? አንድ ሰው መርጠህ ጻፍክ፤ ሌላው ራሱ መጣ» አለ።

ያ ጽሑፍ አሁን ብሎጉ ላይ የለም። ብዙ ወጣቶች ብሎግ እንዴት እንደሚጻፍ ስለሚጠይቁኝ በረከት ያስተማረኝን ሁሉ እነግራቸዋለሁ፤ ጥያቄውን፣ አንባቢውን፣ መስበሩን፣ ማሳደሩን። ከዚያ አንድ የእኔን እጨምራለሁ። የጻፋችሁባቸው ሰዎች በአንድ ክፍል ተሰብስበው ጮክ ብሎ ቢነበብላቸው ማን ቀና ብሎ መቀመጥ እንደሚችል አስቀድማችሁ አስቡ እላቸዋለሁ። ይህን ስል ከየት እንዳመጣሁት የጠየቀኝ የለም።

እሑድ

ሳሙናና ስኳር ይዤ ወጣሁ። ላመሰግናቸው ነበር፤ ደግሞም ምን እንደሚሉኝ መስማት ፈልጌ ነበር፤ ይህን አልክድም። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ወደየቤቱ እየተበተነ ነበር። እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«ገብረ ኪዳን፣ ያንተን ነገር እየጠበቅን ነው። ና ግባ፣ ና ግባ።»

ትልቁ ቤት ውስጥ ጸበልተኛው ሁሉ ተሰብስቧል። አባባ ኃይለ ሚካኤል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከፊት ተቀምጠዋል። ወለተ ሥላሴ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ነበረች፤ ስታየኝ ፈገግ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። በመሐል ሰብለ የምትባል ልጅ ወረቀት ይዛ ቆማለች። የእትዬ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ኮሌጅ ትማራለች፣ እሑድ እሑድ ትመጣለች። እትዬ የብሎጉን ስም ነግረዋት ኮሌጅ ካለው ኮምፒውተር አትማ ይዛው መጥታለች። እስካሁን አላነበበችውም፤ ሁሉም አንድ ላይ እንዲሰሙት ብለው እትዬ አስጠብቀዋት ነበር።

«አንብቢ» አሉ እትዬ።

ሰብለ ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያው ደስታ ነበር፤ ግጥም አንብቤ እንኳ እንደዚያ የሰማኝ ሰው አላጋጠመኝም። መንገድ ላይ የወደቅሁበት ጋ ስትደርስ ሳቁ። ባርኔጣው ሲጠራ አባባ ኃይለ ሚካኤል ባርኔጣቸውን አነሡና እንደገና አስቀመጡ። ወስፌውና የማዳበሪያው ክር ሲመጣ እትዬ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ በዚያ ነጠላ ውስጥ ሲስቁ ትከሻቸው ይታይ ነበር። ሰብለ ገጹን ገለጠች። ያን ጊዜ ነው ምን እንደሚቀጥል ያስታወስኩት። እዚህ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያን ስም ያውቃል፤ ከዚያ ሌላ ስሟን የሚያውቅ የለም።

«ይበቃል እኮ» አልኩ። «የቀረው ረጅም ነው፣ ያሰለቻል።»

«ዝም በል አንተ፣ ደስ ብሎን ነው» አሉ እትዬ።

ሰብለ ስሟን አነበበች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ወደ ወለተ ሥላሴ እየሳቀ አየ፤ እሷም ሳቀች፤ እሷንም እንደ ባርኔጣው፣ እንደ ጫማው የሚያነሣት መስሏቸው ነበር። ሰብለ ግን ዓይኗ ቀድሞ ወደ ታች ወረደና አቆመች።

«ምነው አቆምሽ?» አሉ እትዬ።

ሰብለ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት አየሁ።

«አንብቢው ሰብልዬ» አለች ወለተ ሥላሴ። «ጥሩ አድርጎ ነው የጻፈው።»

አነበበችው። ድምፅዋ እየወረደ፣ ዛፉን፣ ድንጋዩን፣ ፌስታሉን፣ ጠዋትና ማታውን። «ከአሳዳሪዋ ተደብቃ» የሚለውንም አነበበች። ያን ዓረፍተ ነገር በረከትና እኔ በጣም ወደነው ነበር። ሲያልቅ ወረቀቱን አጠፈችውና የት እንደምታስቀምጠው አጣች።

አባባ ኃይለ ሚካኤል የባርኔጣቸውን ጠርዝ በጣታቸው ያዞሩ ነበር።

«ጠዋትና ማታ?» አሉ እትዬ በመጨረሻ።

«ጠዋትና ማታ፣ እትዬ።»

«እዚህ ግቢ?»

«ከአጥሩ ውጪ ነው። አንድ ቀንም ወደ ውስጥ አስገብቼው አላውቅም። ዝናብ ሲዘንብም እዚያው ወጥቼ ነው የዋጥኩት። ስለትዎን አላፈረስኩም።»

እኔ መደበቅ ብዬ የጻፍኩት ይህን ነበር።

እትዬ ዘነበች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበር» አሉ። «ለእኔ ለብቻዬ ብትነግሪኝ።» የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ አዩ፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የተሰማ ነገር ከእንግዲህ እንዳልተሰማ ሊሆን እንደማይችል ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። «እኔ ሂጂ አልልሽም» አሉ። «ግን ለእኅቴ የማልኩት ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ወለተ ሥላሴ። «እርስዎ ሂጂ እንዲሉኝ አላስቸግርዎትም።»

ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ አጣፋች፤ የተቀመጠችበትን ዱካ አጠገቧ ለቆሙ አንዲት አሮጊት አቀረበችላቸው። «ደህና ዋሉ» አለች፣ ለሁሉም እኩል፣ ማንንም ሳታይ። የቆርቆሮው በር መሬት ስለሚነካ ካልተነሣ አይዘጋም። ከውጪ ሆና በሁለት እጇ አነሣችው፤ እንዳይጮህ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።